በብዙ ገንዳዎች የዓሣ ማርቢያ ቤት ውስጥ የአየር አሰጣጥና የግፊት አጠባበቅ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁትን ርእስ ለአዘጋጅ ኮሚቴው ባቀረብሁ ጊዜ፣ ከአንጋፋ አባሎቻችን አንዱ ፈገግ ብለው «ግድቡና ድልድዩ ሁሉ አልቆ ነው ወደ ዓሣ ገንዳ የወረድኸው?» ሲሉ ጠይቀውኝ ነበር። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም መልስ ይገባዋል። ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ ከሚጠበቀው ጭነት በላይ የሚሸከም አድርጎ ስለሚያሰላው፣ ጥቂት ስሕተት ቢኖርበት እንኳ መዋቅሩ ለብዙ ዓመታት ችሎ ይሸፍንለታል። ዓሣ የሞላበት ገንዳ ግን የመሐንዲሱን ስሕተት የሚታገሠው ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ስላልሆነ፣ ነገሩን እንደሆነው አድርጌ ላቀርብላችሁ ወድጃለሁ።

ዓሣን በገንዳ ውስጥ በብዛት የማኖር ጥበብ አዲስ አይደለም። የለንደን የአራዊት ማቆያ የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1853 ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የገንዳ ሠሪዎች ሁሉ ጭንቀት አንድ ነው፤ ይኸውም ውሃው ሳይታፈን እንዴት ይቆይ የሚለው ነው። በሳሎን ለተቀመጠች አንዲት የመስታወት ገንዳ መልሱ ቀላል ነው፤ መዳፍ የምታህል ፓምፕ፣ አንድ ቀጭን ቱቦና አንድ የአየር ድንጋይ ይበቋታል። ገንዳዎቹ አሥር፣ ሃያ፣ ሃምሳ ሆነው ከአንድ አየር ነፊ መኪና፣ በተለምዶ ብሎወር ከምንለው፣ ሲመገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ሁሉም ከአንድ መሶብ እንደሚቆርሱ ሰዎች ናቸውና የአንዱ ሁኔታ ሌላውን ይነካል። የአንዱን ቫልቭ ብንከፍት የሌላው አረፋ ይቀንሳል፤ የአንዱ ድንጋይ ቢደፈን ደግሞ የጎረቤቱ ድርሻ ይጨምራል።

የማውቀውን ምሳሌ ልጥቀስ። በ2011 ዓ.ም. በደጋ አገር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሚገኝ አንድ የዓሣ ማርቢያ ቤት ውስጥ የአየር መስመሩን እንድነድፍና እንዳስተክል ተጠየቅሁ። በቤቱ ውስጥ 18 ገንዳዎች ነበሩ። 12ቱ በበሩ በኩል በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ሲሆኑ የቆሮሶ ጫጩቶች የሚያድጉባቸው ናቸው፤ የአየር ድንጋያቸው ከውሃው ገጽ በታች 50 ሳ.ሜ. ላይ ያርፋል። የቀሩት 6ቱ ከጓዳ በኩል የተተከሉ ጥልቅ ገንዳዎች ነበሩ፤ ድንጋያቸውም 90 ሳ.ሜ. ጥልቀት ላይ ተቀምጧል። ከነዚህ በ4ቱ ለዘር የተመረጡ ትልልቅ ቆሮሶዎች፣ በ2ቱ አምባዛዎች ይኖሩ ነበር። ውሃው በማሞቂያ ኃይል 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይጠበቃል። ለሁሉም ገንዳዎች ባንድነት በደቂቃ 540 ሊትር አየር እንደሚያስፈልግ አሰላሁ።

የግፊቱ ሒሳብ እንዲህ ነው። አየር ከድንጋዩ ወጥቶ አረፋ ለመሆን በቅድሚያ በላዩ ያለውን ውሃ መግፋት አለበት። ድንጋዩ 90 ሳ.ሜ. ጥልቀት ላይ ካለ 90 ሳ.ሜ. የውሃ ዓምድ ግፊት ይጠይቃል ማለት ነው። በፓስካል መናገር ለሚሹ እያንዳንዱን ሳንቲ ሜትር በ98 ማባዛት ነው፤ እኔ ግን በዚህ ሥራ ላይ የውሃ ዓምድን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ውሃ በተሞላ በአንዲት የታጠፈች ገላጭ ቱቦ ማንም ሰው ሊለካው ይችላል። ድንጋዩ አዲስ ሳለ 12 ሳ.ሜ. ያህል ይቃወማል፤ ለቧንቧውና ለቫልቮቹ 5 ሳ.ሜ. ብንይዝለት ጥልቆቹ ገንዳዎች በጠቅላላው 107 ሳ.ሜ. ይፈልጋሉ። ቅርቦቹ ግን በ67 ሳ.ሜ. ይረካሉ።

በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው የዚህ ሁሉ ታሪክ ምንጭ። አየር ወደሚቀናው ይሄዳልና፣ ቫልቮቹ ሁሉ እኩል ቢከፈቱ የቅርቦቹ ገንዳዎች እንደ ድስት ሲፈሉ ጥልቆቹ ጸጥ ይላሉ። ስለዚህ የቅርቦቹን ቫልቭ ማጥበብ ግዴታ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የመስመሩ ግፊት ሲወርድ የጥልቁ ገንዳ አረፋ ቀስ በቀስ እያነሰ የሚሄድ ይመስለናል። እስከ ተወሰነ ድረስ እውነት ነው። ግፊቱ ከ90 ሳ.ሜ. ባነሰ ጊዜ ግን አየሩ ፈጽሞ ይቆማል፤ ውሃው ወደ ቱቦው ውስጥ ይገባና ተገትሮ ይቀራል። 89 ሳ.ሜ. ግፊት ለ90 ሳ.ሜ. ጥልቀት ከዜሮ አይሻልም።

እንግዲህ የመጀመሪያ ስሕተቴን ልናዘዝ። ነፊውን የመረጥሁት በአምራቹ ካታሎግ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አይቼ ነበር። ሰንጠረዡ በደቂቃ 540 ሊትር ሲነፋ 145 ሳ.ሜ. ግፊት ይሰጣል ይላል። ከሚያስፈልገኝ 107 ጋር ሳነጻጽረው 38 ሳ.ሜ. ትርፍ ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ ፈረምሁ። ሰንጠረዡ የተዘጋጀው ግን በባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር ነው። በ2,300 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከ101 ኪሎ ፓስካል ወደ 76 ገደማ ስለሚወርድ አየሩ በዚያው መጠን የሳሳ ነው። አየሩን በሚሽከረከር መዘውር እየወረወረ የሚገፋ ማንኛውም ነፊ የሚፈጥረው ግፊት ከአየሩ እፍጋት ጋር አብሮ ይቀንሳል። ነፊው በተተከለ ጊዜ በገላጯ ቱቦ ስለካው 110 ሳ.ሜ. አገኘሁ። ትርፍ ያልሁት 38 ሳ.ሜ. 3 ሳ.ሜ. ሆነ። ጣናን ብንወስድ ወደ 1,800 ሜትር፣ ዝዋይን ብንወስድ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ናቸውና፣ በሐይቆቻችን ዳርቻ የሚሠራ መሐንዲስም ቢሆን ከዚህ ሒሳብ ነጻ አይደለም። ያን ቀን 3 ሳ.ሜ.ውን ሳይ «ይሠራል» ብዬ አለፍሁት። በርግጥም ይሠራ ነበር።

ከፍታው የሚቀንሰው የነፊውን ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ትልቅ ነፊ በመግዛት እንገላገል ነበር። ውሃው ራሱ የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል። 24 ዲግሪ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8.4 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በዚያ ቤት ውስጥ የፈለገውን ያህል አረፋ ቢነፋበት ከ6.3 አያልፍም። በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ 10 ኪሎ ዓሣ አለ እንበል፤ እያንዳንዱ ኪሎ ዓሣ በሰዓት 150 ሚሊ ግራም ይተነፍሳል ብንል፣ አየሩ የተቋረጠበት ውሃ በየሰዓቱ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ያጣል። ወደ 2 ሚሊ ግራም ለመውረድ በባሕር ጠለል ያለው ገንዳ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ የደጋው ገንዳ ግን 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይበቃዋል። ሰው ተነሥቶ ጥፋቱን ሊያቃና ከሚችልበት ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሆነውን ከፍታው ይወስድብናል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ወሩ ነሐሴ፣ ዓመቱ 2012 ነበር። ነፊ መኪና አየሩን ሲገፋው ያሞቀዋል፤ በከፍተኛ ግፊት ሲሠራ ደግሞ የበለጠ ያሞቀዋል። ከነፊው አጠገብ ያለውን ቧንቧ ከብረት ማድረግ እንደሚገባ ባውቅም፣ የመጀመሪያው ረድፍ ቧንቧ የሚያልቅበትን የፕላስቲክ ክዳን ለመኪናው እጅግ አቅርቤ አስተክዬው ነበር። በሙቀቱ ብዛት ክዳኑ ለስልሶ አንድ ሌሊት ተሰነጠቀ። ሙሉ በሙሉ ወልቆ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ የሁሉም ገንዳ አረፋ ስለሚቆም ማንም ያውቀው ነበር። ስንጥቁ ግን ግፊቱን ከ110 ወደ 74 ሳ.ሜ. አወረደውና በዚያው ረጋ። የሚያፏጨውን ድምፅ የመኪናው ጩኸት ዋጠው።

የቤቱ የሌሊት ጥበቃ በዕድሜ የገፉ፣ ሥራቸውን አክባሪ ሰው ናቸው። በታዘዙት መሠረት በየሰዓቱ ይነሣሉ፤ ጆሯቸውን ይጥላሉ፤ በሩን ገፋ አድርገው በባትሪ ያበራሉ። ከበሩ የሚታዩት ደግሞ 12ቱ ቅርብ ገንዳዎች ናቸው። እነዚያ በ67 ሳ.ሜ. የሚረኩ ስለሆኑ በ74 ሳ.ሜ. ግፊትም ይፈሉ ነበር። መዝገቡን ጠዋት አየሁት። ከምሽቱ 3 ሰዓት አንሥቶ እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት በየመስመሩ «መኪናው ይሠራል፤ ገንዳው ይፈላል» የሚል ተጽፎበታል። አንዱም ቃል ሐሰት አልነበረም።

በአራቱ ጥልቅ ገንዳዎች ከነበሩት 140 የዘር ቆሮሶዎች 97ቱ ሞተው ተንሳፈው አገኘናቸው። የቀሩት አፋቸውን ከውሃው ገጽ ጋር አስተካክለው ቀጭኗን የላይኛ ውሃ እየማጉ ነበር የተረፉት። ከአምባዛዎቹ ግን አንድም አልሞተም። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየር በቀጥታ የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው፣ ውሃው ቢታፈንበት ብቅ ብሎ ጎንጨት አድርጎ ይመለሳል። እዚህ ላይ ላስጠንቅቅ የምወደው፣ ይህ አካል በአምባዛ ጫጩቶች ላይ ገና አልዳበረምና የአምባዛ ጫጩት የሚያሳድግ ሰው በዚህ ተስፋ እንዳያደርግ ነው።

ጥበቃው የሆነውን ሲሰሙ ወደ እኔ መጥተው «ኢንጂነር፣ መኪናው እኮ ሌሊቱን ሙሉ አንዴም አላረፈም፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት» አሉኝ። «አውቃለሁ አባባ፣ አላረፈም» አልኋቸው። የቤቱ ኃላፊ ግን በንዴት ላይ ስለነበሩ ሽማግሌውን ተኝተው አድረዋል በሚል ከሥራ የሚያሰናብት ደብዳቤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አስጽፈው ነበር። ሦስት ገጽ ሪፖርት ጽፌ ይዤ ገባሁ። በመጀመሪያው ገጽ የ110ን፣ የ74ንና የ90ን ሒሳብ፣ በሁለተኛው የካታሎጉን ስሕተቴን፣ በሦስተኛው ደግሞ የክዳኑን አተካከል አሳየሁ። ኃላፊው አንብበው ሲጨርሱ «ታዲያ ጥፋተኛው ማነው?» አሉኝ። ፊርማዬን አሳየኋቸው። ደብዳቤው ተሻረ። የዓሣዎቹን ዋጋ ከቀረው ክፍያዬ ላይ ቀነሱ፤ ተገቢ ነበር።

ያችን የግፊት መለኪያ ቱቦ የት ሰቅያት እንደነበር ጠይቃችሁ ይሆናል። ከመኪናው ክፍል ውስጥ ነበር የሰቀልኋት፤ ያ ክፍል ደግሞ ጩኸቱ እንዳያውክ ተብሎ ሌት ተቀን ይዘጋል። ቱቦዋ ሌሊቱን ሙሉ 74 እያለች ለባዶ ግድግዳ ስትመሰክር አደረች።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን በዝርዝር ልናገር። ትልቁ ለውጥ አዲስ መኪና መግዛት አልነበረም። የአየር ድንጋይ ከገንዳው ወለል ላይ ካልተቀመጠ አይሠራም የሚለው ልማድ መሠረት የለውም። አረፋው እየወጣ ሳለ ከያዘው ኦክስጅን ወደ ውሃው የሚገባው ጥቂቱ ነው፤ የአረፋው ዋና ጥቅም የታችኛውን ውሃ ወደ ላይ አንሥቶ ከክፍት አየር ጋር ማገናኘቱ ነው። ስለዚህ በጥልቆቹ ገንዳዎች ውስጥ ከሥር እስከ ላይ የሚደርስ ሰፊ የፕላስቲክ ቧንቧ አቆምንና ድንጋዩን በቧንቧው ውስጥ በ50 ሳ.ሜ. ጥልቀት ላይ አንጠለጠልነው። አረፋው ቧንቧውን ቀሊል ሲያደርገው የወለሉ ውሃ ከሥሩ እየተሳበ ይወጣል። በዚህ መንገድ 18ቱም ገንዳዎች የሚጠይቁት ግፊት አንድ ሆነ፤ 67 ሳ.ሜ. ብቻ። የእኛ ዓይነት ነፊ ግፊቱ ሲቀነስለት የሚበላው ኃይል ስለሚያንስ የሞተሩም አምፔር ወረደ፤ የሚወጣውም አየር በዛ፤ ቧንቧውም በረደ። ቫልቮቹን እየዞሩ ማጥበብና ማስፋት ከሞላ ጎደል ቀረ።

ቀጥሎ ዋናውን ማከፋፈያ ቧንቧ ዙሪያውን ገጥሞ ወደ ራሱ የሚመለስ ቀለበት አደረግነው። በቧንቧ ስፋት ላይ መቆጠብ ከንቱ ቁጠባ ነው። 540 ሊትሩ አየር 20 ሜትር ርዝመት ባለው 50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ሲያልፍ የሚያጣው ግፊት 1 ሳ.ሜ. ያህል ነው። ቧንቧው በግማሽ ጠብቦ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን ኪሳራው በግማሽ ወይም በእጥፍ አይቆጠርም፤ በሠላሳ እጥፍ ያድጋል። ሻጮች ይህን አይነግሩንም፤ እነርሱ የሚቆጥሩት በሜትር ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን በርሜሉን ነው። በበሩ አጠገብ፣ ጥበቃው ከሚቀመጡበት ወንበር በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ በርሜል አቁመን ከማከፋፈያው ቀለበት የወጣ ሰፊ ቧንቧ 80 ሳ.ሜ. አጥልቀን አስገባንበት። የመስመሩ ግፊት 80 ሳ.ሜ. ሲደርስ ትርፉ አየር በበርሜሉ በኩል እየፈላ ይወጣል፤ በመሆኑም ግፊቱ ከዚያ አያልፍም። አንድ ገንዳ ለእጥበት ሲዘጋ ወይም አንድ ድንጋይ ሲደፈን የተረፈው አየር ወደ በርሜሉ ይሄዳል እንጂ ጎረቤት ገንዳዎችን አያውክም። የአየር ትርፍን በቫልቭ አንቆ መያዝ መኪናውን ማስጨነቅ ስለሆነ፣ ማስተንፈስ ይሻላል። የበርሜሉ ሌላው ጥቅም ደግሞ ማስጠንቀቂያነቱ ነው። የትም ቦታ ቧንቧ ቢሰነጠቅ አስቀድሞ መፍላቱን የሚያቆመው በርሜሉ ነው፤ ገንዳዎቹ እስከ 67 ሳ.ሜ. ድረስ ገና ይታገሣሉ። በ72 ሳ.ሜ. ላይ በባትሪ የሚጮኽ ደወልም ገጥመንበታል፤ የግፊት ማብሪያ ማጥፊያው ከዓሣዎቹ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የበርሜሉ ውሃ በትነት ሲጎድል ግፊቱም አብሮ ስለሚጎድል በውስጡ ቀይ መስመር ቀብተን በየሳምንቱ እስከዚያ እንሞላዋለን።

ስለ መብራት መቋረጥ አጠር አድርጌ ልናገር፤ ሁላችሁም የምታውቁት ነውና። ነፊው ሲቆም የገንዳው ውሃ በአየር ቱቦው በኩል ወደ ኋላ ተስቦ ወደ መኪናው ሊገባ ስለሚችል፣ መኪናውን ከውሃው ገጽ በላይ ከፍ አድርጎ መትከልና አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ማግባት ያስፈልጋል። ሁለት ነፊዎች ጎን ለጎን ካሉ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቫልቭ ይገባል፤ አለዚያ የሚሠራው አየሩን በቆመው በኩል ይተፋዋል። እኛ ከዚህም በላይ የኦክስጅን ሲሊንደር አስቀምጠናል። በሲሊንደሩ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ቫልቭ መብራት እስካለ ድረስ ተዘግቶ የሚቆይ፣ መብራት ሲሄድ ራሱ የሚከፈት ዓይነት ነው። ጄኔሬተሩ ቢያስቸግር እንኳ እስኪነሣ ድረስ ዓሣዎቹ ይተነፍሳሉ። ሲሊንደሩ በውኑ ሙሉ መሆኑን በየሳምንቱ የሚያይ ሰው በስም መመደብ አለበት።

ባለፈው ዓመት ወደዚያ ቤት ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ሳለ የሌሊቱን መዝገብ እንዲያሳዩኝ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው። አሁን በየሰዓቱ የሚጽፉት «በርሜሉ ይፈላል» የሚል ብቻ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ግን፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ትይዩ፣ «በርሜሉ ዝም አለ፤ የተሰነጠቀ ቱቦ አግኝቼ በጨርቅ አሰርሁት፤ በርሜሉ ፈላ» የሚል አነበብሁ። ደወሉ ሳይጮኽ ነው ያገኙት።

የመስመሩን ንድፍና የግፊቱን ስሌት በትልቅ ወረቀት አዘጋጅቼ በአዳራሹ በስተቀኝ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ ጥያቄ ያላቸውን አባላት በዚያ እጠብቃለሁ።